ድሬዳዋ ወይስ ሐረር፦ ቤተሰብ ይዞ ለመኖር የትኛዋ ትሻላለች?

የመክፈቻው ጥያቄ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ምክራችሁን የምጠይቀው የመላው ቤተሰቤን ኑሮ የሚለውጥ ውሳኔ ስለተደቀነብኝ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ሸንኮር ነው፤ ላለፉት 19 ዓመታት ግን ድሬዳዋ ሳቢያን ተቀምጬ አስተምራለሁ፤ ትዳር የያዝኩትና ሦስት ልጆች ያፈራሁት እዚሁ ነው። አሁን ወደ ሐረር የመዛወር ዕድል አግኝቻለሁ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻም ቁርጡን ማሳወቅ አለብኝ።

ወደ ሐረር የሚገፋኝ ሕመም ነው። ሁለተኛዋ ልጄ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ከተማውን ባዳረሰው፣ በትንኝ በሚተላለፈው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተይዛ መገጣጠሚያዋን ለወራት ሲያማት ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወባ ይዟታል። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ግፊት አለባቸው፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ሌሊቱን ቬንትሌተር ፊት ተቀምጠው ያነጉታል። እዚህ የሚያስቀረኝ ደግሞ እንጀራ ነው። ባለቤቴ ታይዋን ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ቤታችንን የሚያቆመው ከእኔ ደመወዝ ይልቅ የእርሷ ሱቅ ነው። የትውልድ ቦታ ፍቅርን ወደ ጎን ትተን በውሃ፣ በጤና፣ በገቢና በልጆች አስተዳደግ ብንመዝናቸው፣ ከሁለቱ ጎረቤት ክልሎች የተሻለ ኑሮ ያለው በየትኛው ነው? በሁለቱም የኖራችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ምላሾቹ

በአንድ ሳምንት ውስጥ 34 ምላሾች ደረሱኝ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ እንደ እኔው ልባቸው በሁለቱ ከተሞች መካከል ለተከፈለ ሰዎች እንዲጠቅም በራሴ አገላለጽ አጠናቅሬዋለሁ። የየምላሹን ክብደት የመዘንኩት እኔ ስለሆንኩ አንዳንዱን በሰፊው አትቼ ሌላውን በአጭሩ አልፌዋለሁ።

1ኛው ምላሽ የመጣው ሐረር ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። ከሰላምታ በኋላ የጀመሩት ከአየሩ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ እንደሚገኙ አስታውሰው፣ ሃምሳ ከሚያህሉ ኪሎ ሜትሮች ብዙም በማይበልጥ መንገድ ውስጥ ያለው ይህ የ700 ሜትር ልዩነት ብርድ ልብስ ደርቦ በመተኛትና ፍራሽ ይዞ ግቢ ወጥቶ በማደር መካከል ያለ ልዩነት መሆኑን ገለጹ። ግፊት ያለባቸውን እናት ይዤ ማመንታት እንደማይገባኝም መከሩኝ። ምላሻቸው ደግነት የተሞላ ነበር፤ ስለ ውሃ ግን አንድም ቃል አልነበረውም፤ ይህን ልብ ያሉ ሰዎች በኋላ አነሡት።

2ኛው ምላሽ እርማት ነበር። እኔ ሁለቱንም ክልሎች ብዬ ጠርቼአቸው ነበር፤ ጸሐፊው ግን ክልል የሚባለው ሐረሪ ብቻ መሆኑን፣ ድሬዳዋ በ416/1996 ቻርተር አዋጅ የሚተዳደር፣ ተጠሪነቱም ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ የከተማ አስተዳደር መሆኑን አስረዱ። መጀመሪያ ስለ ስም መከራከር መስሎኝ ነበር። ቀጥለው ግን የእኔ ዝውውር ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የመሄድ ጉዳይ ሳይሆን ከአንድ መስተዳድር ወጥቶ ወደ ሌላ መግባት መሆኑን አመለከቱ፤ የመኖሪያ ቤት ማኅበር ምዝገባዬ፣ የነዋሪነት መታወቂያዬና የደረጃ ዕድገት ተራዬ አብረውኝ ይሄዱ እንደሆነ በጽሑፍ ሳልጠይቅ እንዳልፈርምም አስጠነቀቁኝ። በክሩ ውስጥ ወዲያውኑ ወደ ተግባር የለወጥኩት ምክር ይህ ነው፤ በማግስቱ ጠይቄ የቤት ማኅበር ምዝገባዬ እንደማይከተለኝ ተነገረኝ።

3ኛው ምላሽ በቁጥር የመጣ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ከድህነት ወለል በታች ይኖር የነበረው ሕዝብ በአገር አቀፍ ደረጃ 23.5 በመቶ፣ በድሬዳዋ 15.4 በመቶ፣ በሐረሪ ደግሞ 7.1 በመቶ ብቻ እንደነበር ጻፉ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከ1,000 ሕያው ልደት በሐረሪ 72፣ በድሬዳዋ 93 መሆኑን አክለው፣ ጥያቄዬ ገና ሳይጠየቅ የተመለሰ ስለመሆኑ ያለ ጥርጥር ደመደሙ።

ይህ ድምዳሜ ብዙ ሰው አስነሣ። 4ኛው ምላሽ የድሬዳዋ ቁጥር የከተማው ብቻ እንዳልሆነ፣ በአስተዳደሩ ሥር ያሉትን 38 የገጠር ቀበሌዎች እንደሚያካትት፣ ዝናብ አጠር የሆኑት እነዚህ ቀበሌዎች አማካዩን እንደሚያከፉት ተከራከረ። 5ኛው ደግሞ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራን አምጥቶ ክርክሩን ገለበጠው፦ በቆጠራው ከድሬዳዋ 341,834 ነዋሪዎች 233,224ቱ ከተሜ ሲሆኑ፣ ከሐረሪ 183,415 ነዋሪዎች ከተሜ የነበሩት 99,368 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የገጠር ድርሻው ከፍ የሚለው በሐረሪ ነው፤ አማካዩን የሚያከፋው ገጠርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ መክፋት የነበረበት የሐረሪ ቁጥር ነበር። እኔ በዚህ ነጥብ 5ኛውን ጸሐፊ እደግፋለሁ። የጎደለውን ምክንያት የሞላልን ግን 6ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ከሐረር ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት ነው፤ በሐረር ዙሪያ ያለው ገበሬ ትንሽ መሬት ቢኖረውም በጫት አማካይነት በየዕለቱ ጥሬ ገንዘብ እንደሚያገኝ፣ አወዳይ የሚያድረው የጫት ገበያ ይህን ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ፣ በድሬዳዋ ቆላ ያለው ገበሬ ግን በማሽላና በከብት ላይ እንደተንጠለጠለ አብራራ። በዚያው ላይ አባቱ ማሽላ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ሙሉ በሙሉ ጫት በመሆኑ እህሉን አሁን ከገበያ እንደሚሸምቱ፣ የጫት ዋጋ በወደቀ ሳምንት ቤቱ ምን እንደሚመስል የጥናቱ መጠይቅ እንደማይዘው አልደበቀም።

ከ7ኛው ምላሽ ጀምሮ ክሩ ወደ ውሃ ዞረ፤ ከሁሉም የበለጠ የተማርኩትም እዚህ ላይ ነው። 7ኛዋ ጸሐፊ በሐረር አራተኛ ሠፈር የሚኖሩ የቤት እመቤት ናቸው፤ 1ኛዋ እናት ስለ አየሩ የጻፉት እውነት ቢሆንም ቀዝቃዛ አየር እንደማይጠጣ በትሕትና ገለጹ። ሐረር ለረዥም ዘመን ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ እንደነበር፣ ሐይቁ ግን በመስኖ መሳቡ፣ ከተራራው በሚወርደው ደለል መሞላቱና ለከተሞቹ መቀዳቱ ተደራርቦ በ1997 ዓ.ም. ገደማ እንደ ደረቀ አስታወሱ። ይህን ሳነብ የራሴ ትዝታ ተቀሰቀሰብኝ። በልጅነቴ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ከመኪናው መስኮት ሐይቁን ለማየት እንሻማ ነበር፤ በኋላ ያ ሁሉ ውሃ የነበረበት ሜዳ ተሰነጣጥቆ ከብት ሲሰማራበት ሳይ እንባዬ መጥቷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሶ ማየት መቻሉ ደስ ያሰኘኛል።

8ኛው ምላሽ በውሃ ሥራ ላይ አገልግለው ጡረታ የወጡ አባት የሰጡት ነው፤ በክሩ ውስጥ ከእርሳቸው በላይ ጉዳዩን ያወቀ ሰው አላገኘሁም። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ለሐረር የተገኘው መፍትሔ በድሬዳዋ በኩል ባለው በሀሰሊሶ ቆላ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች መሆናቸውን አስረዱ። ውሃው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከቆላው ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት በደረጃ በደረጃ በፓምፕ እየተገፋ ይወጣና ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ከደረሰ በኋላ ነው ወደ ሐረር የሚወርደው። በመንገዱም ደንገጎን፣ አዴሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን ያጠጣል። ከነዚህ መግፊያ ጣቢያዎች በአንዱ መብራት ከጠፋ መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ መብራቱ ሲመለስም ቧንቧው እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ስለሚወስድ ድሬዳዋ ላይ የአንድ ሰዓት የመብራት መቋረጥ የሆነው ሐረር ሲደርስ የውሃ ቀን መዝለል ይሆናል። የኤረር ጉድጓዶች ሸክሙን ቢጋሩም የከተማው ፍላጎት ከአቅርቦቱ ቀድሞ እንደሚሄድ ጨመሩ። በተወለድኩበት ከተማ ውሃ ለምን እንደሚቆራረጥ በቅጡ የገባኝ በ50 ዓመቴ ከእኚህ አባት ነው።

9ኛው ምላሽ የክሩን መልካም ጠባይ ሰበረው። ጸሐፊው ድሬዳዋ ውስጥ የገንደ ቆሬ ነዋሪ እንደሆነ ገልጾ፣ የእርሱ ሠፈር ሴቶች በጀሪካን እየተሰለፉ ከደጃቸው የወጣ ውሃ ዳገት ተሻግሮ ለሌላ ክልል መሄዱን እንደ በደል አቀረበው፤ በዚህም ሳያበቃ የሐረር ሰዎችን በሰው ውሃ የሚኖሩ ብሎ ነቀፋቸው። 10ኛው ምላሽ በተመሳሳይ ቁጣ መለሰለት፦ ድሬዳዋ የምትበላው ድንችና ሽንኩርት፣ ካሮትና ሰላጣ ከሐረማያና ከኮምቦልቻ ደጋ የሚወርድ መሆኑን፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ቆላው ሰርጎ የድሬዳዋን የከርሰ ምድር ውሃ እንደሚሞላ፣ ስለዚህም ውሃው የማን እንደሆነ በደጃፍ የሚለካ እንዳልሆነ ጻፈ። በፍሬ ነገሩ የተናገረው ትክክል ነው፤ የድሬዳዋ ጉድጓዶች ከደጋው ተዳፋት የሚሰርገውን ውሃ ይጠጣሉ። የገንደ ቆሬው ወንድም ምሬት ግን መልስ ሳያገኝ መቅረቱ አሳዘነኝ፤ ሰልፍ ላይ ለቆመች ሴት የከርሰ ምድር ውሃ ከየት እንደመጣ መንገር አያረካትም። 11ኛው ምላሽ የድሬዳዋ ውሃ በኖራ የበዛ መሆኑን፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሠርቶ እንደሚቀር ብቻ ጠቅሶ አለፈ፤ እውነት ነው፣ የእኛም ማንቆርቆሪያ እንዲሁ ነው። 12ኛው ስለ ሮቶ ዋጋ ጠይቆ መላሽ አላገኘም።

13ኛው ምላሽ በድሬዳዋ በነርስነት ያገለገለች እህት የጻፈችው ነው፤ የእኔን ልጅ ሕመም በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የደንጊ ትኩሳት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ ነው፤ በ2011 ማብቂያና በ2012 መግቢያ ቺኩንጉንያው መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ ባልተለመደ ወቅት፣ በበጋ፣ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ለዚህኛው መንስኤ የሆነችው በእስያና በዓረብ ምድር የምትታወቅ፣ በአገራችን በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ናት። ነባሮቹ የወባ ትንኞች በዝናብ ኩሬ ሲራቡ ይህችኛዋ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜል፣ ክዳን በሌለው ሮቶና በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች፤ ስለዚህ ዝናብ መጠበቅ አያስፈልጋትም። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈውም ትንኝ እንዲሁ በቤት ውስጥ የውሃ ዕቃ የምትራባ ናት።

እህታችን ከዚህ ተነሥታ ያደረሰችበት ነጥብ እስከዚያ ድረስ ማናችንም ያላየነው ነበር። እኛ ውሃን ለብቻ፣ በሽታን ለብቻ እየመዘንን ሐረርን በአንዱ፣ ድሬዳዋን በሌላው እናስቀድም ነበር። እርሷ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን አሳየች፦ ውሃ በየቀኑ የማይመጣበት ከተማ ውሃ ያጠራቅማል፤ ውሃ የሚያጠራቅም ከተማ ለትንኟ ቤት ይሠራል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ተብሎ የሚቆጠር በመሆኑ ሐረርም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለችም፤ ቅዝቃዜው የትንኟን መራባት ቢያዘገየውም በረንዳ ላይ የተደረደረ ክፍት በርሜል ያለው ቤት ወደ ላይ በመውጣቱ ብቻ እንደማይድን አስጠነቀቀች። በሐረር ቤት የምከራይ ከሆነ ከክፍሎቹ ብዛት በፊት የሮቶውን ክዳን እንድመለከት መክራ፣ ለ14ኛውና ለ15ኛው ጠያቂዎችም አጎበር ሌሊት የምትናከሰዋን እንጂ ቀን የምትናከሰዋን የደንጊ ትንኝ እንደማይከላከል በትዕግሥት አስረዳች።

ከ16ኛው እስከ 18ኛው ያሉት ምላሾች ከጉዳዩ ትንሽ ራቁ። አንድ ሰው ድሬዳዋን የሐረር ልጅ ብሎ በመጥራቱ፣ በምድር ባቡር ለብዙ ዘመን የሠሩ አባት ታሪኩን ሊያስተካክሉ ተነሡ። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ሲታሰብ መስመሩ በሐረር እንዲያልፍ የነበረ ቢሆንም ተራራው አስቸጋሪ በመሆኑ በግርጌው እንዲዞር መደረጉን፣ ጣቢያው በ1895 ዓ.ም. ሲቋቋም ቦታው አዲስ ሐረር መባሉን፣ ሐዲዱም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ጻፉ። እንደ እርሳቸው እምነት የሁለቱ ከተሞች ዕጣ የተለየው በዚያ የምሕንድስና ውሳኔ ነው፤ ንግዱ ከተራራው ወርዶ ቆላ ቀረ። ከዚያ ወሬው ወደ ድሬዳዋው የከዚራ ሠፈር ጥላ ዛፎችና እስከ ዛሬ ሐረር ውስጥ በታክሲነት ወደሚሠሩት ፔጆ 404ዎች አመራ። አንብቤው ደስ ብሎኛል፤ ለውሳኔዬ ግን የጨመረልኝ ነገር ስለሌለ እዚህ አላስፋፋውም።

19ኛው ምላሽ ክፉ ነበር። ሐረሮች በግንብና በዝና እንደሚኖሩ፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ጀጎል ለልጆቻቸው ሥራ እንዳልሆነላቸው በንቀት ጻፈ። 20ኛው ምላሽ በስድብ ሊመልስ ጀምሮ ሳለ 21ኛው ጸሐፊ ገብቶ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ መሆኑን፣ ሐረር በደስታ በተሞላችበት በዚያው ሐምሌ ማብቂያ ደግሞ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰዎችን መውሰዱን አስታወሰ። እርሱ በዚያ ሌሊት እናቱንና ታናሽ እህቱን አጥቷል። ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይዘንብ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በደረቁ አሸዋ ላይ ግድግዳ ሆኖ እንደመጣ፣ ነጋዴው የደስታውን ዜና ተቀባብሎ ሳይጨርስ የሐረር ሰዎች በዚያው ሳምንት ልብስና ምግብ ጭነው ደንገጎን ወርደው ለቅሶ እንደደረሱ ጻፈ። ለእኔም የተወው ምክር ነበር፦ ድሬዳዋ ብትቀር ከወንዙ ርቀህ፣ ሐረር ብትሄድ ከገደሉ ርቀህ ተቀመጥ የሚል ሐሳብ ነው። ከእርሱ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም፤ 19ኛው ጸሐፊ በ22ኛው ምላሽ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ማድረጉን አከብርለታለሁ።

ስለ ገቢ የመጡት ምላሾች ከ23ኛው እስከ 25ኛው ያሉት ናቸው። ሁሉም በአንድ ነገር ተስማሙ፦ የንግድና የፋብሪካ ሥራ ያለው ድሬዳዋ ነው። ሲሚንቶውና ጨርቃ ጨርቁ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው የመጀመሪያው የአገሪቱ ነፃ የንግድ ቀጠና፣ አውሮፕላን ማረፊያውና ወደ ጅቡቲ የሚያወርደው መንገድ ሁሉ እዚህ ናቸው፤ ሐረር የቢራ ፋብሪካ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የጎብኚ ገቢ ቢኖራትም የባለቤቴን ዓይነት የጨርቅ ንግድ በዚያ ስፋት አትሸከምም። 24ኛዋ ጸሐፊ በየቀኑ በሚኒባስ ከሐረር ወርዳ ታይዋን የምትነግድ ሴት ናት፤ እንደሚቻል፣ ነገር ግን በክረምት ጭጋግ ደንገጎ ላይ ከጭነት መኪና ጋር መተላለፍ ነፍስን እንደሚያስጨንቅ ሳትሸሽግ ነገረችን። 26ኛውና 27ኛው ስለ ሕክምናና ትምህርት ነበሩ፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሐረር በመሆኑ ከድሬዳዋ ጭምር ሕመምተኛ ወደዚያ እንደሚወጣ፣ በትምህርት በኩል ግን ሐረማያም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ለሁለቱም ከተማ ልጆች ቅርብ በመሆናቸው ልዩነት እንደሌለ አስገነዘቡ። 28ኛው ስለ አፎቻ፣ ማለትም እንደ እድር ስላለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነበር፤ ሐረር ውስጥ ሐዘንም ሠርግም ብቻውን የሚወድቅበት ሰው እንደሌለ ጸሐፊዋ በፍቅር ጻፉ። ድሬዳዋም እድር አላት፤ ማንም ጎረቤት ዘርና ሃይማኖት ሳይጠይቅ ገበታ የሚያጋራባት ከተማ መሆኗን እኔ በ19 ዓመት አይቼዋለሁና በዚህ በኩል ማበላለጥ አልፈልግም።

ክሩን ለእኔ የለወጠው 29ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ ድሬዳዋ 8 ዓመት ኖራ አሁን በሐረር 6ኛ ዓመቷን የያዘች የልጆች እናት ናት። 3ኛው ጸሐፊ ያመጣቸው ቁጥሮች ቤት ያለውን ገንዘብ እንደሚለኩ፣ ነገር ግን ያ ቤት የሚያስፈልገውን ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደሚያወጣ እንደማይለኩ ተናገረች። እርሷ በደብተር መዝግባዋለች። ድሬዳዋ ሳለች ለውሃ የምታውለው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ልጆቿ በትኩሳት በወደቁ ቁጥር ግን ሥራ የቀረችባቸው ቀኖች ተደምረው በአንድ ዓመት ከሦስት ሳምንት አልፈዋል። ሐረር ከወጣች በኋላ የሕመሙ ቀን ወደ ጥቂት ቀኖች ወርዷል፤ የውሃ ተራ በሚደርስበት ቀን ግን አንድ ሰው ቤት መቅረት አለበት፣ በርሜል መሙላት፣ ማጠብ፣ ውሃው ሌሊት ከመጣም ነቅቶ መጠበቅ አለ። የሁለቱ ድምር የሚቀራረብ ነው። ከዚያም ሰዓቱ የሚወጣው ከማን ላይ እንደሆነ ጠየቀች፤ በሁለቱም ከተማ መልሱ አንድ መሆኑን፣ የምትቀረው እናት ወይም ትልቋ ሴት ልጅ መሆኗን ጻፈች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን የእኛን ቆጠርን። ባለፈው ዓመት በልጃችን ሕመም ምክንያት ሱቁ 23 ቀን ተዘግቷል። እኔ በመክፈቻው ጽሑፍ የልጄን ሕመምና የሱቁን ገቢ በሚዛኑ ሁለት ጎን ነበር ያስቀመጥኳቸው፤ ለካ ሕመሙ ራሱ ከገቢው ላይ ሲቆረጥ ኖሯል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር፤ ሳልጠይቃት መጻፌ ያሳፍረኛል።

30ኛው ምላሽ ውሃ መጠበቅ እንደ ሥራ ሊቆጠር እንደማይገባ ጻፈ። 31ኛዋ ጸሐፊ ጀሪካን ተሸክሞ ያውቅ እንደሆነ ብቻ ጠይቃ አለፈች፤ መልስ አልሰጠም። 32ኛው ምላሽ የመጣው ከእነዚያው ከጡረተኛው የውሃ ባለሙያ ነው። በወሬ ከተማ እንደማይመረጥ፣ ከመፈረሜ በፊት ቤተሰቤን በሙሉ ይዤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የውሃ ዙር ሐረር እንድሰነብት፣ በተለይ አማቴ ዳገቱንና ብርዱን እንዴት እንደሚቀበሉት እንድመለከት መከሩኝ። 33ኛው ጸሐፊ ሸንኮር ውስጥ ክዳኑ የሚዘጋ ሮቶ ያለው የሚከራይ ቤት ጠቆመኝ። 34ኛዋ የመጀመሪያዋ እናት ናቸው፤ ስለ ውሃው ሳይጽፉ በመቅረታቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ በመጣን ጊዜ ከእርሳቸው ቤት ሳንደርስ እንዳንመለስ አስጠነቀቁን።

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከግንቦት 20 በኋላ ሰባታችንም ሳይሆን ሱቁን የምትጠብቀው የባለቤቴ እህት ቀርታ ስድስታችን ወደ ሐረር ወጥተን ለአሥር ቀን እንቀመጣለን። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን ባለው ሁኔታ ሸንኮር የውሃ ተራ በስንት ቀን አንድ ጊዜ ይደርሳል? ሲመጣስ ቀን ነው ወይስ ሌሊት? የምታውቁ ጻፉልኝ፤ በተራው ቀን ቤት የምቀረው እኔ ስለሆንኩ የማስተማሪያ ፕሮግራሜን የምጠይቀው በዚያው መሠረት ነው።